ምርታቸው የቆመ ቺፖችን መልሶ መሥራት ከንቱ ድካም አይደለም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ምርታቸው ከቆመ ብዙ ዓመታት ያለፏቸውን የአናሎግ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ቺፖች በዛሬ ዕቃ መልሶ የመሥራትን ጥረት የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ አነበብኩ። ጽሑፉ አምስት ነጥቦችን ያነሣል። የመጀመሪያው፣ የእነዚህ ቺፖች ድምፅ የሚኖረው በዘመናቸው ሲሊከን ውስጥ ስለሆነ ምርቱ ሲቆም ድምፁም አብሮ ተቀብሯል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የውስጥ ንድፋቸው በሰነድ ስላልቀረ መልሶ የሚሠራቸው ሰው የሚሠራው በግምት ነው ይላል። ሦስተኛው፣ የዛሬ ዕቃዎች ከልክ በላይ ትክክለኛና ንጹሕ በመሆናቸው ውጤቱ ነፍስ አይኖረውም የሚል ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህንኑ ድምፅ አስቀድሞ ስለሚሰጥ ልፋቱ ትርፍ የለውም ይላል። የመጨረሻው፣ ተተኪ ቺፕ የገባበት አሮጌ መሣሪያ ማንነቱን ያጣል፣ ለአጭበርባሪዎችም በር ይከፈታል የሚል ነው።

ጸሐፊው መሣሪያዎቹን ከልቡ እንደሚወዳቸው ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ቁጭቱንም እጋራዋለሁ። ይሁን እንጂ እነዚህን መሣሪያዎች ለዓመታት ስከፍት፣ ስለካና ስጠግን ያየሁት ነገር ከመደምደሚያው ጋር አይገጥምም። አንድ ቺፕ የሰርኪት ንድፍ እና ያ ንድፍ የሚታዘዝለት የፊዚክስ ሕግ ድምር ነው። ንድፉን የተረዳና ሕጉን ያከበረ ሰው ቺፑን መልሶ ሊሠራው ይችላል፤ ሕጉን የዘነጋ ሰው ግን ንድፉን ነጥብ በነጥብ ቢገለብጠውም አይሳካለትም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው፤ ጸሐፊው ልክ በሆነባቸው ቦታዎችም ልክነቱን እመሰክራለሁ።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ብዙ ድምፅ ያለው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ብዙ ኖታ የሚያሰማ ሲንተሳይዘር ለመሥራት ትልቁ እንቅፋት የዕቃው ብዛት ነበር። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሞገዱን የሚያመነጭ ኦሲሌተር፣ የድምፁን ቀለም የሚቀርጽ ፊልተርና ማጉያ በነጠላ ትራንዚስተሮች ከተሠራ ቦርዱም ዋጋውም ከልክ ያልፋል፤ ድምፆቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ይህን የፈቱት በአንድ በኩል ኤስኤስኤም የተባለው ድርጅት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዳግ ከርቲስ ያቋቋመውና ቺፖቹን ሲኢኤም በሚል ስም ያወጣው ድርጅት ነበሩ። ኤስኤስኤም 2040 የተባለው ፊልተር እና ሲኢኤም 3340 የተባለው ኦሲሌተር በብዙ ስመ ጥር መሣሪያዎች ውስጥ ገቡ። በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 የተባለው ሲንተሳይዘር የመጀመሪያ ትውልዶቹ በኤስኤስኤም ቺፖች የተሠሩ ነበሩ፤ ሦስተኛው ትውልድ ግን በ1980 ወደ ሲኢኤም ተዛወረ። ስሙ አልተለወጠም፣ መልኩም ያው ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ሆነ። በ2020 እንደገና ሲወጣ ደግሞ ሁለቱም የፊልተር ዓይነቶች በአንድ መሣሪያ ውስጥ ገብተው በአንድ ማብሪያ እንዲመረጡ ተደረገ። ስለዚህ «እውነተኛው ድምፅ» የሚለው አነጋገር ገና በአምራቹ እጅ ሳለ እንኳ አንድ መልስ አልነበረውም።

በሲሊከኑ ውስጥ የተለየ የዘመን ቅመም አለ የሚለውን ግምት ግን በቀጥታ መመርመር ይገባል። በእነዚህ ፊልተሮች እምብርት የሚገኘው ትራንስኮንዳክታንስ ማጉያ፣ ማለትም ቮልቴጅ ተቀብሎ ከረንት የሚሰጥ ማጉያ ነው፤ በሙያተኞች ዘንድ በአጭሩ ኦቲኤ ይባላል። መግቢያው ላይ ሁለት ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን ቆመው አንድን ከረንት ይካፈላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ትንሽ ሲሆን ክፍፍሉ ቀጥተኛ ነው፤ ልዩነቱ ሲያድግ ግን ከረንቱ ሁሉ ወደ አንዱ ጎን እያጋደለ ውጤቱ ቀስ በቀስ ይደፈናል። ይህ መደፈን ነው ፊልተሩ በጠንካራ ሲግናል ሲነዳ ጆሮ «ሙቀት» ብሎ የሚጠራውን ባሕርይ የሚሰጠው። የመደፈኑን ቅርጽ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፤ በክፍል ሙቀት 26 ሚሊቮልት ገደማ የሆነውና ከቦልዝማን ቋሚ ቁጥር፣ ከሙቀት መጠንና ከኤሌክትሮን ቻርጅ የሚሰላው ቮልቴጅ። መግቢያው ላይ ጫፉ 20 ሚሊቮልት የሆነ ሲግናል ከገባ ሦስተኛው ሃርሞኒክ (የሲግናሉ ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ያለው ተጨማሪ ድምፅ) ወደ 1 ከመቶ ይጠጋል። ይህ ስሌት የፋብሪካ ስምም ሆነ የምርት ዓመት አይጠይቅም። በ1979 የተሠራ ትራንዚስተርና ዛሬ የተሠራ ትራንዚስተር ለዚህ ሕግ የሚታዘዙት በእኩል ነው።

ታዲያ አንዱ ቺፕ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? በዙሪያው ባለው ነገር ነው። ሲግናሉ ማጉያው ጋ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ይቀነሳል፣ አራቱ የፊልተር ደረጃዎች እርስ በርስ እንዴት ይያያዛሉ፣ የሬዞናንስ መመለሻው (ፊልተሩ የራሱን ውጤት መልሶ የሚመግብበት መስመር) ከየትኛው ነጥብ ተነሥቶ የት ይገባል፣ በደረጃዎቹ መካከል ያሉት በፈሮች (ሲግናሉን ሳይጎዱ የሚያቀብሉ ማጉያዎች) ምን ያህል ከረንት ይስባሉ፤ ልዩነቱ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። የሮላንድ ሲንተሳይዘሮች የሆኑት ጁፒተር-8ም ሆነ ጁኖ-60 በውስጣቸው የያዙት አይአር 3109 የተባለውን ቺፕ ነው፤ በውስጡም አራት ኦቲኤዎች፣ በፈሮቻቸውና አንድ የኤክስፖነንሻል መቀየሪያ (ቮልቴጅን በእጥፍ እየጨመረ ወደሚሄድ ከረንት የሚቀይር ክፍል) አሉ። ቺፑ በሁለቱም ያው ሆኖ መሣሪያዎቹ ግን አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጡም፤ ምክንያቱም ዙሪያው የተለያየ ነው። ይህ ብቻውን ድምፁ ሙሉ በሙሉ በሲሊከኑ ውስጥ ተቆልፏል የሚለውን ሐሳብ ያፈርሳል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያየው ያለፈው፣ ግን ለክርክሩ የሚጠቅመው አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ እሱም ሙቀት ነው። ቺፕ ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮች ከሚሊሜትር ባነሰ ርቀት በአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ስለተሠሩ አብረው ይሞቃሉ፣ አብረው ይቀዘቅዛሉ። በነጠላ ዕቃ ሲሠራ ይህ ዝምድና ይበጠሳል። ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው። ከቁልፍ ሰሌዳው የሚመጣው ቮልቴጅ በ1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ አንድ ኦክታቭ እንዲወጣ ይፈለጋል። ያ 1 ቮልት ኤክስፖነንሻል ከረንት የሚያመነጨው ትራንዚስተር ጋ ሲደርስ ግን ተቀንሶ 18 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። 18 ሚሊቮልት አንድ ኦክታቭ ለሚይዛቸው አሥራ ሁለት ሰሚቶኖች (የቁልፍ ሰሌዳው ተከታታይ ኖታዎች) ሲካፈል ለአንድ ሰሚቶን የሚደርሰው 1.5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። የአንድ ትራንዚስተር የቤዝ ቮልቴጅ ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። ይህን ከረንት በጋራ ከሚያመነጩት ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ከጥንዱ፣ አንዱ ከሌላው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ ኖታው ከአንድ ሰሚቶን በላይ ይስታል ማለት ነው።

ይህን በወረቀት ከመረዳቴ በፊት በጣቴ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ በሠራሁት ኦሲሌተር ላይ ሁለት ለየብቻ የታሸጉ ትራንዚስተሮችን አጠጋግቼ በሊድ አያይዤ ነበር። አንድ ኖታ አስይዤ የወጪውን ከረንት በሚሰጠው ትራንዚስተር ላይ የጣቴን ጫፍ ሳሳርፍ ድምፁ ወዲያው ወደ ላይ መንሸራተት ጀመረ፤ ጣቴን ሳነሣም እየተንፏቀቀ ወደነበረበት ተመለሰ። መስኮት ሲከፈት እንኳ ኖታው ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ እነዚያን ነቅዬ ሁለቱ ትራንዚስተሮች በአንድ ማቀፊያ ውስጥ ጎን ለጎን የተሠሩበትን ዕቃ ተካሁ። ጣቴን በዚያው ቦታ ባሳርፈው ኖታው በጆሮ ለመለየት የሚያስቸግር ያህል ብቻ ተነቃነቀ። ንድፉ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፤ የተለወጠው ሁለቱ ትራንዚስተሮች ሙቀት የሚጋሩበት መንገድ ብቻ ነው። ብዙ ያልተሳኩ ቅጂዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ሰምቶ ያዘነባቸው ቅጂዎችም ከእነዚህ ወገን ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ።

ጥንዱ ሙቀት ቢጋራም ሁለተኛ የሙቀት ችግር ይቀራል፤ ከላይ የጠቀስኩት 26 ሚሊቮልት ራሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.33 ከመቶ ያድጋልና። ይህ በአንድ ኦክታቭ ላይ ወደ 4 ሳንቲም ስሕተት ያመጣል፤ ሳንቲም ስል የሰሚቶንን መቶኛ ማለቴ ነው። መሣሪያው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ሦስት ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚመታ ኖታ ከሰሚቶን በላይ ይዛባል። ዳግ ከርቲስ በሲኢኤም 3340 ውስጥ ይህን የፈታው የማጉላት መጠኑ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥ ማባዣ ሰርኪት እዚያው ሲሊከኑ ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ የማደንቀው ብልሃት ነው። በነጠላ ዕቃ የሚሠራ ሰው ይህን ማባዣ ከመገልበጥ ይልቅ ከሙቀት ጋር አብሮ የሚያድግ ልዩ ሬዚስተር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ3300 እስከ 3500 ሚሊዮንኛ ያህል የሚጨምር ሬዚስተር፣ ከጥንዱ ጋር አጣብቆ ማስቀመጡ ይሻለዋል። መንገዱ ሌላ ነው፤ የሚደርሰው ግን እዚያው ነው።

«ተቀብሯል» የሚለውን ቃል ደግሞ ነባራዊው ሁኔታ ራሱ ይቃወመዋል። በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ የሚገኘው አልፋ የተባለው አምራች የሲኢኤም ቺፖችን አቻዎች፣ ማለትም ኤኤስ 3340ንና ኤኤስ 3320ን፣ በአዲስ ሲሊከን ያመርታል። በ2016 ደግሞ ሲኢኤም 3340 ራሱ በከርቲስ ስም እንደገና ወደ ምርት ተመልሷል፤ ዳግ ከርቲስ ካረፈ ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ከኤስኤስኤም ንድፎች ጀርባ የነበረው ዴቭ ሮሰም በሳውንድ ሴሚኮንዳክተር በኩል ኤስኤስአይ 2144ን የመሰሉ አዳዲስ ፊልተሮች እንዲወጡ አድርጓል። አንድ ንድፍ አውጪ የራሱን የቀድሞ ሥራ ከዓመታት በኋላ አሻሽሎ ሲያወጣው ድምፁ በፋብሪካው ግድግዳ ውስጥ ቀርቷል ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ነጥብ የሰነድ እጦት ነው። ይህ ለአንዳንድ ቺፖች እውነት ነው፤ የሲኢኤምና የኤስኤስኤም ቺፖች ግን የመረጃ ወረቀት ነበራቸው። ወረቀቶቹ የእያንዳንዱን እግር ሥራ፣ የአሠራር ወሰኖችንና ናሙና ሰርኪቶችን የያዙ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ የውስጡን ንድፍ በቀላል መልክ ያሳያሉ። ሰነድ የሌላቸው በአብዛኛው ትልልቅ የመሣሪያ አምራቾች ለራሳቸው ብቻ ያሠሯቸው ናቸው። ለእነዚህም ቢሆን መንገድ አለ። የቺፑ ፕላስቲክ በጋለ ናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ የተራቆተው ሲሊከን በማይክሮስኮፕ ክፍል በክፍል ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ትራንዚስተርና የብረት መስመር ተከታትሎ ይሳላል። ቢኤ 662 የተባለው፣ በሮላንድ የባስ ሲንተሳይዘር በቲቢ-303 ውስጥ የድምፅ መጠኑን የሚቆጣጠረው ኦቲኤ በዚህ መንገድ ተከፍቶ ታይቷል። የዚያ ዘመን አናሎግ ቺፖች የያዟቸው ትራንዚስተሮች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ስለሆኑ ሥራው ትዕግሥት ቢጠይቅም በአንድ ሰው አቅም ያልቃል። አሲዱ ግን አደገኛ በመሆኑ ተገቢው ጭስ ማስወጫና መከላከያ በሌለበት ማንም እንዲሞክረው አልመክርም።

ከዚህ የቀደመም ምሳሌ አለ። ኤአርፒ የተባለው የሲንተሳይዘር አምራች የኦሲሌተርና የፊልተር ሰርኪቶቹን ተፎካካሪ እንዳያያቸው በጠንካራ ሙጫ ውስጥ ያሽግ ነበር። ጠጋኞች ግን ሙጫውን ፈልፍለው ንድፉን አወጡ፤ 4072 የተባለውን የፊልተር ሞጁል የሚተኩ አዳዲስ ቦርዶችም ተሠሩ። ሲመረመር አንድ ነገር ተገኘ፦ 4072 በስሌት ስሕተት ምክንያት ከ12 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ አይከፈትም ነበር። ያንን ደብዛዛ ድምፅ የሚወዱ አሉ፣ ስሕተቱን አርመው የሚጠቀሙም አሉ። ሁለቱም ምርጫ የተገኘው ንድፉ ስለታወቀ ነው። ኮርግ የተባለው አምራች የሠራው የኤምኤስ-20 ሲንተሳይዘር የመጀመሪያ ትውልድ ፊልተር ኮርግ-35 የተባለ የታሸገ ሞጁል ሲሆን፣ በኋላ አምራቹ ራሱ ኦቲኤ በያዘው በኤልኤም 13600 ቺፕ ሌላ ፊልተር ሠርቶ ተክቶታል። በአንድ መሣሪያ ዕድሜ ውስጥ ይህ ሁሉ ከሆነ፣ መተካትን ከመሠረቱ የማይቻል ነገር አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነበት አንድ ወገን አለ፤ ባኬት ብሪጌድ የሚባሉት የማዘግያ ቺፖች። ኤስኤዲ 1024 ስሙ እንደሚያመለክተው 1024 ደረጃዎች አሉት፤ ኤምኤን 3005 ደግሞ 4096 አሉት። እያንዳንዱ ደረጃ ቻርጅን ከባልዲ ወደ ባልዲ እንደሚገለበጥ ውኃ ለሚቀጥለው የሚያቀብል ካፓሲተርና ማብሪያ ነው። ይህን በነጠላ ዕቃ በጣት በምታህል ቦርድ ላይ መሥራት አይቻልም። ያለው አማራጭ አዲስ ሲሊከን ማሠራት ወይም ሥራውን በዲጂታል ማስመሰል ነው፤ ሁለተኛውን መልሶ መሥራት ብሎ መጥራት አንባቢን ማሳሳት ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የዛሬ ዕቃ «ከልክ በላይ ንጹሕ ነው» የሚለው፣ ከአምስቱ ሁሉ በይበልጥ የሚስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ከተሳሳተ ምክንያት ተነሥቶ እውነት ያለበት ቦታ አጠገብ ደርሷል። ሲሊከን ላይ የሚሠራ ሬዚስተር ከተባለለት መጠን በ20 ከመቶና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል፤ ከሙቀት ጋርም በእጅጉ ይለዋወጣል። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ሬዚስተሮች ግን ስሕተታቸው ተመሳሳይ ስለሆነ የሁለቱ ንጽጽር 1 ከመቶ ያህል እንኳ ላይስት ይችላል። የቺፕ ንድፍ አውጪዎች ይህን ስለሚያውቁ ሰርኪቱን በመጠን ሳይሆን በንጽጽር ላይ ይመሠርቱታል። አሁን አንድ ሰው የተገለበጠውን ንድፍ ወስዶ እያንዳንዱን ቁጥር እንዳለ በ1 ከመቶ ሬዚስተሮች ቢሠራው፣ ዕቃው ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል። ቀድሞ ሁለት ሬዚስተሮች በሙቀት እኩል እየተንቀሳቀሱ ያጣፉት የነበረውን ስሕተት፣ ዛሬ አንዱ ቆሞ ሌላው ከትራንዚስተሩ ጋር ሲንቀሳቀስ ያጋልጠዋል። ሕይወት የሌለው የሚመስለው ቅጂ ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው። ጉድለቱ ከንጽሕና የመጣ አይደለም፤ ንድፍ አውጪው በምን ላይ ተማምኖ እንደነበር ሳይጠይቁ ከመገልበጥ የመጣ ነው።

የኦቲኤ ምርጫም እንዲሁ ነው። ሲኤ 3080 የተባለው የቀድሞ ኦቲኤ ከምርት ከወጣ ቆይቷል፤ ኤልኤም 13700 ግን ዛሬም ይመረታል፣ በአንድ ማቀፊያም ሁለት ኦቲኤዎች ይዟል። በመግቢያው ላይ ያሉት ዳዮዶች ከረንት ከተሰጣቸው የመግቢያውን መደፈን ያስተካክሉታል፤ ለድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ይህ መልካም ነው። ሲኤ 3080ን ወይም ቢኤ 662ን የሚተካ ሰው ግን ዳዮዶቹን ያለ ከረንት ሊተዋቸው ይገባል፤ ቢያበራቸው ያንን የተፈለገውን መደፈን ራሱ ያጠፋዋል። አንድ ሰው ይህን ሳያውቅ ዳዮዶቹን አብርቶ «አዲሱ ቺፕ ደረቅ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ፍርዱ ግን ቺፑን ሳይሆን አገናኙን ነው የሚነካው። ቢኤ 662 ከዚህ ሌላ በውስጡ የራሱ በፈር ስላለው ተተኪው ይህንንም ማካተት አለበት።

ጫጫታንና የጥንዶችን አለመመጣጠን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የዛሬ ጥንድ ትራንዚስተሮች፣ ለምሳሌ ኤስኤስኤም 2212 ወይም የዛት 300 ተከታታይ፣ ጫጫታቸው ዝቅተኛ ነው። የቀድሞው መሣሪያ ግን ከሲንተሳይዘሩ ሌሎች ክፍሎችም ጫጫታ ያመጣ ስለነበር ከአንድ ቺፕ የሚቀነሰው በአጠቃላይ ድምፁ ላይ ብዙም አይታወቅም። በስድስት ድምፆች መካከል የነበረውን መጠነኛ ልዩነት የሚናፍቅ ሰው ካለ ደግሞ በማስተካከያው ብሎን ሊያገኘው ይችላል፤ ከፋብሪካ የወጣው መሣሪያም በመጀመሪያ የተስተካከለው በዚሁ ብሎን ነው።

ወደ አራተኛው ነጥብ ስመጣ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ዛሬ ከፍተኛ ደረጃ እንደደረሱ አልክድም፤ ብዙ ሙዚቀኛም አናሎግ መሣሪያ ሳይኖረው በእነሱ ብቻ በደስታ ይሠራል። ይሁን እንጂ ፕሮግራም ባለ 16 እግር ሶኬት ውስጥ አይገባም። ጥያቄው አንድ ድምፁ የሞተበት መሣሪያ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ምን ይደረግ የሚል ነው። መልሱ ዕቃውን መለወጥ ነው፤ ዕቃው ካልተገኘ ደግሞ መሥራት።

ዲጂታል የሚገባበት ቦታ እንዳለም እቀበላለሁ። ለምሳሌ ሲኢኤም 3310 ቁልፍ ሲመታ የድምፁን መነሣትና መውደቅ የሚቀርጽ ኤንቨሎፕ ያመነጫል። ይህ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ቮልቴጅ ስለሆነ ማይክሮኮንትሮለር በበቂ ፍጥነትና በበቂ የደረጃ ብዛት ከሠራው፣ ደረጃዎቹም በትንሽ ካፓሲተር ከለሰለሱ ጆሮ ልዩነቱን የሚያገኝበት መንገድ የለም። በአናሎግነቱ የሚወደሰው ጁኖ-106 ራሱ ኤንቨሎፖቹን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በፕሮሰሰር ነው የሚያሰላው፤ የቀደመው ጁኖ-60 ግን ለዚሁ ሥራ የተለየ ቺፕ ነበረው። ፊልተርን ግን በዚህ መንገድ አልተካም። ፊልተር ድምፁ ራሱ የሚያልፍበት ክፍል ሲሆን ሬዞናንሱ በማይቋረጥ መመለሻ ላይ የቆመ ነው፤ በመካከሉ የዲጂታል መቀየሪያ ካስገባን መዘግየትና ከናሙና አወሳሰድ የሚመጣ ሐሰተኛ ፍሪኩዌንሲ አብረው ይገባሉ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ጎበዞች እንዳሉ አውቃለሁ።

አምስተኛው ነጥብ ሁለት ነገር አጣምሯል፤ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ስለ መሣሪያው ማንነት የተነሣው ሥጋት ጁኖ-106ን በማየት ሊመዘን ይችላል። ይህ መሣሪያ ስድስት ድምፆች አሉት፤ ለእያንዳንዱም 80017ኤ የተባለ ሞጁል አለው። ሞጁሉ የአይአር 3109 ዓይነት ፊልተርና የቢኤ 662 ዓይነት ማጉያ በአንድ ሴራሚክ ላይ ተገጣጥመው በጥቁር ሙጫ የተሸፈኑበት ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ከረንት ማፍሰስ ይጀምራል፤ ፊልተሩ የሚሠራው እጅግ በጥቃቅን ከረንቶች ስለሆነ ትንሿ ፍሰት ድምፁን ታንኮሻኩሸዋለች ወይም ጨርሶ ታጠፋዋለች። የተለመደው ጥገና ሞጁሉን ነቅሎ አሴቶን ውስጥ መንከርና የለሰለሰውን ሙጫ በጥንቃቄ መላጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንዴ ግን ሙጫው ሲላጥ የሴራሚኩ መስመር አብሮ ይነቀላል፤ ያኔ ያ ሞጁል ተመልሶ አይመጣም። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ በተመሳሳይ እግሮች ላይ የሚቆም፣ በገጽ ላይ በሚበየዱ ጥቃቅን ዕቃዎች የተሠራ አዲስ ሞጁል መግጠም ወይም በአምስት ድምፅ መቅረት ነው። በየስድስተኛው ኖታ ዝም የሚል መሣሪያ ማንነቱን ጠብቋል ለማለት አልደፍርም።

ሆኖም መተካት ሥርዓት አለው። አሮጌው ዕቃ በካውያ ሲነቀል የቦርዱ መስመር እንዳይላጥ መጠንቀቅ፣ አዲሱን በሶኬት ላይ ማቆም፣ የወጣውን በከረጢት አድርጎ ከመሣሪያው ጋር ማስቀመጥ፣ ምን በምን እንደተተካም በወረቀት ጽፎ ውስጡ መተው ያስፈልጋል። እንዲህ ከተደረገ የወደፊቱ ባለቤት ሁሉን ነገር ወደነበረበት መመለስ ይችላል። ይህን ሳያደርግ ስድስቱንም ቀይሮ የወጡትን የሚጥል ጠጋኝ መሣሪያውን ይጎዳዋል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ።

ስለ ማጭበርበር የተናገረውም እውነት ነው፤ እንዲያውም ከተናገረው በላይ ነው። አንድ ጊዜ ፊልተር ቺፕ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በአሴቶን ስጠርገው ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ የተለየ ሥራ ያለው ርካሽ ኦፕ-አምፕ፣ ማለትም ተራ የማጉያ ቺፕ ነበር። የላይኛው ፊደል ግን ንጹሕና ቀጥ ያለ፣ ለዓይን ከእውነተኛው የማይለይ ነበር። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ያመጣውን መደምደሚያ ግን አልቀበለውም። ፎርጅድ ቺፕ የሚሸጠው እውነተኛው ስለጠፋና ዋጋው ስለናረ ነው። በራሱ ስም የሚወጣ፣ ንድፉ ግልጽ የሆነ፣ ተተኪ መሆኑን የማይደብቅ ቦርድ ሲገኝ በአሮጌ ስም የሚነግደው ሰው ገበያ ይጠብበታል። የሚነቀፈው የተሠራውን ነገር በሌላ ስም መጥራት ነው እንጂ መሥራቱ አይደለም።

አሁን ለጸሐፊው አንድ ነገር አቀርባለሁ፤ ለክርክሩ ከዚህ የተሻለ ዳኛ አላገኘሁምና። አንድ የተሳካ ተተኪ ፊልተርና አንድ ጤነኛ አሮጌ ፊልተር በአንድ መሣሪያ ሁለት ድምፆች ላይ ጎን ለጎን ይግጠም። ኦሲሌተሮቹን ይዝጋና ሬዞናንሱን ፊልተሩ ራሱ ማፏጨት እስኪጀምር ድረስ ይክፈተው። ከዚያ ያንን ፉጨት በቁልፍ ሰሌዳው በአራት ኦክታቭ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወተው፤ በኦሲሎስኮፕ ላይም የሞገዱ ጫፍ እንዴት እንደሚደፈን ይመልከት። መሣሪያው ገና እንደበራ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ይሞክረው። ተተኪው በመጠን፣ በኖታ ወይም በቅርጽ ከተለየ በየትኛው ኦክታቭና በምን ያህል እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ስሕተቱ በየትኛው ሬዚስተር ወይም በየትኛው ጥንድ ላይ እንዳለ አብረን እንፈልገዋለን።